ለሹፌራችን ምስጋና፣ ለጉዞ ኮሚቴዎች ጥቆማ

የሰንበት ትምህርት ቤታችን 52 አባላት የዘንድሮውን ጥምቀት በጎንደር አገልግለን ጥር 14 ቀን በሰላም ወደ አዲስ አበባ ተመልሰናል። ለዚህ ካበቃን አምላክ ቀጥሎ የምናመሰግናቸው ሹፌራችንን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለለመኑኝ ልጆቹ እንደሚጠሯቸው «ጋሼ» ብቻ እላቸዋለሁ።

ምስጋናዬ ለምን እንደበዛ እንዲገባችሁ የአምናውን ላስታውስ። አምና ለዚሁ ጉዞ የመጣልን አውቶቡስ ከተዋዋልንበት ያነሰ ስለነበር ስምንት ልጆች እየተፈራረቁ ቆመው ሄዱ። ገና ፍቼ ሳንደርስ የነዳጅ ጭማሪ ተጠየቅን። ልጆቹ መዝሙር ሲጀምሩ ሹፌሩ ቴፑን ከፍ ያደርጋል፤ ዝም ሲሉ ይቀንሳል። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ደግሞ መኪናው ይሸት ጀመር። ፍሬኑ ነው ያሉም፣ አይደለም ያሉም ነበሩ፤ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቻ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለትና ዳገት መካከል፣ በዚያ ሐሩር፣ ከቀትር እስከ ማምሻ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ዋልን፤ ባለንብረቱም ስልኩን ዘጋብን። ጎንደር የገባነው በከተራ ዕለት ከመሸ በኋላ ነው። ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ገብተዋል። ሦስት ወር ያጠናነውን መዝሙር ታቦታቱን አጅበን ሳንዘምረው ቀረን። ገንዘቡ አልቆጨኝም ብል ዋሽቻለሁ፤ ከተማሪዎች ኪስ የተለቀመ መዋጮ ነበርና።

ዘንድሮ ጋሼን የጠቆሙን አንድ አባት ናቸው። ጥር 8 ሌሊት 11 ሰዓት ተቃጥረን ስንመጣ እርሳቸው መኪናቸውን አጥበው ቀድመውን ቆመዋል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በሁለት ቀን ከፈሉት፤ «ከመሸ አልነዳም» ብለውም ደብረ ማርቆስ አሳደሩን። በማግስቱ ባሕር ዳር ምሳ በልተን፣ ጊዮርጊስ ደጅ ተሳልመን፣ ጥቂት ዘምረን ተነሣን።

ጎንደር ደርሰን ዕቃ ስናወርድ ከበሮው የለም።

የከበሮ ኃላፊዋ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ጊዮርጊስ ዐፀድ ውስጥ ከዛፍ ሥር አስደግፋው እንደመጣች ትዝ አላት። እኛ ኮሚቴዎቹ ማን ይጠየቅ እያልን ስንነታረክ ጋሼ ምንም ሳይሉ ስልካቸውን ይዘው ወጡ። ማንን እንደደወሉ፣ ምን እንዳሉ አልሰማንም። ሲመለሱ ለልጅቷ «እራትሽን ብዪ፣ የእኔ ልጅ» ብቻ አሏት።

በማግስቱ፣ በከተራው ጠዋት 3 ሰዓት ግድም፣ ካረፍንበት ደጅ አንድ ሚኒባስ ቆመ። ከበሮው ጋቢና ውስጥ፣ ቀበቶ ታስሮለት፣ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጧል። ለካ ጋሼ አንድ የሥራ ባልደረባቸውን በሌሊት ቀስቅሰው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አስወስደው፣ የጋቢናውንም ሒሳብ ከኪሳቸው ከፍለዋል። እንመልስልዎ ብንል «የታቦት አገልግሎት ዕቃ ነው፣ ምን ትከፍሉኛላችሁ» ብለው እምቢ አሉ። ያ ዕለት ገሐድ ነበር፤ እርሳቸውም እንደ እኛ ጾመው እንደዋሉ ያወቅሁት ማታ ከረዳታቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ሲወጡ ልጅቷ ከበሮዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከፊት ነበረች። ሌሊቱን እዚያው አድረን፣ ጥር 11 ንጋት ላይ ባሕሩ ተባርኮ ወጣቱ ከግንቡ እየዘለለ ሲገባ አየን። ሕዝቡ ሲበተን የወዳደቀውን ፕላስቲክ በጆንያ ለቀምን፤ በማግስቱም ቅዱስ ሚካኤልን አጅበን ሸኘን። በነገራችን ላይ ጋሼም ጆንያ ይዘው ሲለቅሙ ፎቶ አንሥቼአቸዋለሁ፤ አትለጥፊው ብለውኛል።

እባካችሁ የጉዞ ኮሚቴዎች፣ ዋጋ የቀነሰላችሁን ሁሉ አትከተሉ፤ እኛ ተከትለን አይተነዋል። እኚህን ሰው ያዙ። መኪናቸው አዲስ አይደለም፣ የኋላው መስኮትም በደንብ አይዘጋም፤ እኔ ግን የራሴን እናት አሳፍሬ እልካለሁ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅደውልኛል። ከመስከረም 18 እስከ 23 ግን እንዳትጠይቋቸው፤ ለግሸን ማርያም ቀብድ ከፍለን ይዘናቸዋል።