የአባላዘር ምርመራ በምስጢር፦ ጤና ጣቢያ፣ የግል ክሊኒክ ወይስ ቤት ውስጥ?

"ቪዲአርኤል ያለው ማነው?" አንድ የግል ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ተራ ስጠብቅ ነው የላብራቶሪ ባለሙያው በሩን ገፋ አድርጎ እንዲህ ብሎ የተጣራው። ቪዲአርኤል የቂጥኝ ምርመራ ነው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዲት ልጅ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ተነሳችና ወረቀቷን ተቀብላ ሐኪሙ ጋ ሳትመለስ በቀጥታ ወደ ውጭ ወጣች። ቂጥኝ እኮ ገና በጅምሩ ከተገኘ በአንድ ቀን የፔኒሲሊን መርፌ የሚድን በሽታ ነው! እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ብዙ ስለከፈላችሁ ብቻ ምስጢራችሁ ይጠበቃል ብላችሁ አታስቡ።

ከመንግሥት ጤና ጣቢያ ልጀምር። የኤችአይቪ ምርመራ እዚያ በነፃ ነው። ከአማካሪው ጋር ለብቻ ትገባላችሁ፣ ጣታችሁ ይወጋል፣ ውጤቱም ወዲያው ይነገራችኋል። ችግሩ ሰፈር ነው። ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ሴትዮ የእናታችሁ ዕድርተኛ ልትሆን ትችላለች። የራሳችሁን ወረዳ ተዉትና ታክሲ ይዛችሁ ሌላ ክፍለ ከተማ ሂዱ፣ በቃ። ፈሳሽ ወይም ቁስል ካላችሁ አብዛኛው ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ ምልክቱን አይቶ ነው የሚያክመው፤ በዚያው ቀን መድኃኒት ይዛችሁ ስለምትወጡ ለታመመ ሰው ጥሩ ነው። ግን ክላሚዲያ በተለይ ሴቶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። ምንም ሳይሰማችሁ "እስኪ ልታይ" ብላችሁ ከሆነ ይህ መንገድ አይበቃም።

እዚህ ላይ የግሉ ይሻላል። ጨብጥንና ክላሚዲያን በደንብ የሚለየው ፒሲአር የሚባለው፣ የጀርሙን ዘረመል የሚፈልግ የላብራቶሪ ምርመራ ነው፤ ለወንድ በሽንት፣ ለሴት ደግሞ ከብልት በሚወሰድ ናሙና ይሠራል። ሁሉም ክሊኒክ ስለሌለው ትልልቆቹን ላብራቶሪዎች መጀመሪያ ደውላችሁ ጠይቁ። በዚያው ስልክ ደግሞ "የምትጠሩት በስም ነው በቁጥር? ውጤቱን ማን ነው የሚሰጠኝ?" በሉ። ሲመልሱላችሁ ከተንተባተቡ ሌላ ቦታ ደውሉ። ሽንት የምትሰጡ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳትሸኑ ቆዩ፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ያዙ። ደም መስጠታችሁ ካልቀረ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢም አብረው ይታዩ።

ለወጣትና ላላገባ ሰው ግን እኔ የማስቀድመው የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ክሊኒኮችን ነው። ማኅበሩ በፈረንጆቹ 1966 የተመሠረተ ነው፣ ሥራውም ይኸው የሥነ ተዋልዶ ጤና ስለሆነ "አግብተሻል?" በሚል ዓይን የመታየት ስጋቱ ያንሳል።

ማንም እንዳያየኝ ለሚል ሰው የራስ በራስ የኤችአይቪ መመርመሪያ አለ። በአፍ የሚሠራው መርፌ የለውም። ከመመርመራችሁ በፊት ለ15 ደቂቃ አትብሉ፣ አትጠጡ። የላይና የታች ድዳችሁን በመመርመሪያው ዘንግ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ጠረግ አድርጋችሁ ዘንጉን አብሮት ያለው ፈሳሽ ውስጥ ንከሩት፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ አንብቡ፣ 40 ደቂቃ ካለፈው ግን አትመኑት። ሁለት መስመር ከታየ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ማረጋገጥ አለባችሁ። አንድ መስመር ብቻ ከሆነና ካሳሰባችሁ ቀን 3 ወር ካልሞላ መድገም ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚህ አይመርመር፣ ሊያሳስተው ይችላል። እና ይህ ኪት ኤችአይቪን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ስለ ጨብጥም ስለ ቂጥኝም ምንም አይነግራችሁም።

ፋርማሲ ገብቶ "ለጨብጥ የሚሆን ነገር ስጡኝ" ማለትን አማራጭ ውስጥ አላስገባሁትም። ድሮ ይሠራ የነበረውን ሲፕሮፍሎክሳሲን ጨብጡ ተላምዶታል፤ ትውጡታላችሁ፣ ምልክቱ ጋብ ይላል፣ በሽታው ውስጥ ይቀራል። ከታከማችሁም የፍቅር ጓደኛችሁ አብሮ ይታከም፣ አለዚያ ከወር በኋላ እዚያው ኮሪደር ላይ ናችሁ።