የግላኮማ ጠብታዬ ፊቴ ላይ ያመጣው ለውጥ

ዛሬ የምጽፈው ላታኖፕሮስት ስለሚባለው የዓይን ጠብታ ነው። የሚታዘዘው ለግላኮማ ነው፤ ግላኮማ ብዙውን ጊዜ የዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ እይታን የሚጎዳ በሽታ ነው። ማታ ከመተኛቴ በፊት ግራ ዓይኔ ላይ አንድ ጠብታ አደርጋለሁ። የቀኝ ዓይኔ ግፊት ደህና ስለሆነ መድኃኒት አልታዘዘለትም።

መድኃኒቱ ይሠራል። ስጀምር የግራ ዓይኔ ግፊት 28 ነበር፤ አሁን 19 አካባቢ ነው። ጤናማ የሚባለው በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ያለው ነው። ግላኮማ አንዴ የወሰደውን እይታ አይመልስም፤ ጠብታው የቀረውን ነው የሚጠብቀው። በዚህ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም።

ቅር ያለኝ ሌላ ነገር ነው። ሲያዝዙልኝም ሲሸጡልኝም መልክ ይለውጣል ያለኝ ሰው የለም። "ሊቀላ ይችላል፣ ትንሽ ያቃጥላል" ተባልኩ፤ በቃ። ከወራት በኋላ መሥሪያ ቤት "አንድ ዓይንሽን ብቻ ነው እንዴ የተኳልሽው?" ይሉኝ ጀመር። የግራው ሽፋሽፍት ረዝሟል፣ ጠቁሯል፣ በዝቷል። ዓይኔን ባርገበገብኩ ቁጥር መነጽሬን ይነካል። ቀጥሎ የዓይኔ ቆብና ከሥሩ ያለው ቆዳ ጠቆረ። እናቴ ስታየኝ "ልጄ፣ ማን መታሽ?" ብላ ደነገጠች።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የዓይኔ መጎድጎድ ነው። የግራው ዓይኔ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል፤ ከላይኛው ቆብ በላይ ያለው ቦታ ሰርጉዷል። ሐኪሜ እንዳስረዱኝ፣ በዓይን ዙሪያ ያለው ስብ በመድኃኒቱ ምክንያት ይሳሳል። ሁለቱም ዓይኖች ላይ የሚያደርግ ሰው እኩል ስለሚለወጥበት ያን ያህል አይታወቅበትም። አንዱ ላይ ብቻ ሲሆን ግን ፎቶ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን "የውበት ጉዳይ ነው" ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም። ፊቴ ነው፤ ሰው የሚያውቀኝ በእሱ ነው። ደግሞም ቀድሞ የተነገረው ሰው ይታገሣል። ያልተነገረው ደንግጦ ጠብታውን ሊያቆም ይችላል። ግላኮማ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ዝም ብሎ ነው እይታ የሚበላው።

ሽፋሽፍቱና የቆዳው ጥቁረት መድኃኒቱ ሲቆም ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። የጎደጎደውም በከፊል እንኳ ሊሻሻል ይችላል። የማይመለሰው በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለሙ ክፍል ከጠቆረ ነው። እንደኔ ጥቁር ቡናማ ዓይን ያለው ሰው ላይ ይህ እምብዛም አይታይም፤ አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት ዓይን ላይ ነው ጎልቶ የሚወጣው።

የእህቴ ልጅ ሽፋሽፍቴን አይታ "አክስትዬ፣ ለኔም ግዢልኝ" አለችኝ። ከሜዳ ተነስታ አይደለም። የዚሁ ወገን የሆነው ቢማቶፕሮስት አሜሪካ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ ለሽፋሽፍት ማሳደጊያ ተፈቅዷል። እኔ ግን የዓይኔን ቆብ አሳየኋት። ዓይንን በማጎድጎድ ቢማቶፕሮስት ከላታኖፕሮስት ይብሳል። ሐሳቧን ቀየረች፤ ደስ አለኝ።

የቆዳውን ጥቁረት በተመለከተ የጠቀመኝ ነገር ቀላል ነው። አንድ ጠብታ ብቻ አደርጋለሁ፤ ሁለተኛ አልጨምርም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ አፍንጫዬ አጠገብ ያለውን የዓይኔን ጥግ ለአንድ ደቂቃ ያህል በጣቴ ጫን አደርጋለሁ። ወደ ጉንጬ የፈሰሰውን ወዲያው በንጹሕ ሶፍት እጠርጋለሁ። ይህን ከለመድኩ ወዲህ ጥቁረቱ ቀንሶልኛል።

አቀማመጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእኔ ዓይነቱ ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ 6 ሳምንት ይቆያል። የከፈትኩበትን ቀን ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ፋርማሲ ስሄድ ከፍሪጅ ሲያወጡት ካላየሁ አልገዛም።

ወደ ሌላ ጠብታ መቀየር ይቻል እንደሆነ ሐኪሜን ጠይቄያለሁ። ቲሞሎል የሚባለው ሽፋሽፍት አያሳድግም፣ ዓይንም አያጎደጉድም። ነገር ግን አስም ላለበት ሰው አይሰጥም፤ እኔ ደግሞ አስም አለብኝ። ስለዚህ በላታኖፕሮስት እቀጥላለሁ። ጤናው የሚፈቅድለት ሰው ግን ጠብታውን በራሱ ከማቆሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ አማራጭ አለ።