ለቤት የእሳት መርጫ፦ ከፍ ያለ ሮቶ ወይስ ፓምፕ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ቤት እየሠራ አውቶማቲክ የእሳት መርጫ (ስፕሪንክለር) ለማስገጠም ያሰበ ሰው ሻጩን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ ውሃው ነው። ሻጮች ስለ መርጫው ጫፍ ውበት ብዙ ያወራሉ። እኔ ግን የምመዝነው ሁለት ነገር ነው፦ ውሃውን ምን ይገፋዋል? ባለቤቱስ ያንን ግፊት በየወሩ ራሱ መፈተሽ ይችላል ወይ?

ቡና ሲቆላ ወይም ዕጣን ሲጨስ ቤቱ በውሃ ይጥለቀለቃል ብሎ የሚሰጋ አይጠፋም። መርጫውን የሚከፍተው ሙቀት እንጂ ጭስ አይደለም። ጫፉ ላይ ያለችው ቀይ ብልቃጥ የምትፈነዳው 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስትደርስ ነው፤ የሚረጨውም የሞቀው ጫፍ ብቻ ነው። ዱዓ ተይዞ ሌሊቱን ሙሉ ዕጣን ቢጨስ ንቅንቅ አትልም። በኮምቦልቻ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር ላለ ኩሽና ግን በ79 ዲግሪ የምትፈነዳውን ቢጫዋን ምረጡ።

በቀጥታ ከከተማው መስመር ማገናኘት ርካሹ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን አልመክረውም። እሳት ፈረቃ አይጠብቅም።

ከፍ ያለ ሮቶ መብራት አይፈልግም፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ችግሩ ከፍታው ነው። መርጫው ውሃ እየፈሰሰ ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይፈልጋል፤ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ደግሞ 1 ባር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ፣ የቱንም ያህል ቢሞላ፣ አይበቃም። ቧንቧው ራሱ የሚበላውን ግፊት ጨምሮ በሮቶውና በመርጫው መካከል ከ8 እስከ 10 ሜትር የከፍታ ልዩነት ይኑር። ከጦሳ ሥር ባለው ዳገት ላይ ግቢ ላላቸው ደሴዎች ይህ ቀላል ነው፤ ሮቶውን ከግቢው አናት ላይ ማቆም ነው። ሁለት መርጫ ለ10 ደቂቃ ሲረጭ 1,000 ሊትር ያህል ይጨርሳል። ስለዚህ 2,000 ሊትር ሮቶ ገዝታችሁ የቤቱን መስመር ከወገቡ፣ የመርጫውን ከታች አስወጡ፤ ልብስ ቢታጠብም የእሳቱ ድርሻ አይነካም።

ሜዳ ላይ ለተሠራ የኮምቦልቻ ቤት ከፓምፕ ውጭ ብዙ ምርጫ የለም። ግፊቱ አስተማማኝ ነው፤ መብራቱ ግን አይደለም። እሳት ሲነሳ ጎረቤት መጀመሪያ የሚያደርገው ዋናውን ማጥፊያ ማውረድ ነው፤ ፓምፑም አብሮ ይሞታል። ስለዚህ በባለሙያ የተዘረጋ የተለየ የመብራት መስመር ያስፈልገዋል። የመብራት መቋረጥ በሚበዛበት ሰፈር ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ ተጠባባቂ ፓምፕ ጨምሩ፤ ወጪው እዚህ ላይ ያብጣል። ሳይነሳ የከረመ ፓምፕ ስለሚጣበቅ በየወሩ ማስነሳት ግዴታ ነው።

ለሁለቱም ወርሃዊው ፍተሻ ያው ነው። ዋናው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን፣ ሮቶው መሙላቱን እዩ። ከዚያ በመስመሩ መጨረሻ ያለውን የመፈተሻ ቧንቧ ክፈቱ፤ የውሃውን መፍሰስ የሚያሳውቀው ደወል መጮኽ አለበት። 20 ሊትር ጀሪካን ደቅኑበት፦ በ24 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከሞላ ደህና ነው፤ 40 ሰከንድ ከፈጀ ደለል ገብቷል ወይም ቫልቭ በግማሽ ተዘግቷል። ውሃውን አትድፉት፤ ለጽዳት ይሆናል። ቀለም የነካው መርጫ ተፍቆ አይድንም፤ ይቀየራል። በክብሪት ልሞክረው የሚል ልጅ ካለ ጫፉን ከመግዛት አያመልጥም።

ሮቶ በፍተሻ ቀላልነት ይበልጣል፤ ዳገት ካላችሁ አታመንቱ። ለሁለቱም አቅም ያጠረው ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያና የጭስ ደወል ይግዛ፤ ማጥፊያው ግን የነቃ ሰው እጅ ይፈልጋል።

የትኛውንም ብትመርጡ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት መስመሩ ውሃ ተሞልቶ፣ መግቢያው ተዘግቶ ይደር። ጠዋት የግፊት መለኪያው የማታውን ቁጥር ካላሳየ፣ ሠራተኛው የሚያፈሰውን መገጣጠሚያ ፈልጎ እስኪያጠብቅ ገንዘቡ እናንተው ጋር ይቆይ።