ከወራት አጠቃቀም በኋላ፦ ባለ165 ዋት ኤልኢዲ በሱሉልታ የጨዋማ ውሃ አኳሪየም ላይ

ይህን መብራት ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ እየተጠቀምኩበት ነው። ጥቁር ሳጥን የሚመስለው፣ 165 ዋት ተብሎ የሚሸጠው፣ ከየፋብሪካው ሌላ ሌላ ስም ተለጥፎበት የሚወጣው የቻይና ኤልኢዲ ነው። ዱባይ የሚመላለስ ሰው ነው ያመጣልኝ። አኳሪየሜ 90 በ45 በ45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 180 ሊትር ገደማ ይይዛል። ቤቴ ሱሉልታ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚገባበት አገር። ቦታውን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እዚህ ከፍታና እዚህ ብርድ ላይ የመብራት ዕቅድ ብቻውን አይቆምም።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለስላሳ ኮራል (ድንጋያማ አጽም የማይሠራ የባሕር እንስሳ) እና ጥቂት ዓሣ ለማኖር ላሰበ ሰው ይህ መብራት ከበቂ በላይ ነው። ውዱን መብራት ለመግዛት ያስቀመጣችሁትን ትርፍ ገንዘብ ለአየር ፓምፕና ለባትሪ አውሉት።

ስለ ዋቱ እንነጋገር። ውስጡ 55 አምፖሎች አሉ። እያንዳንዱ 3 ዋት ነው ተብሎ ተባዝቶ ነው 165 የተጻፈው። ሁለቱንም ቻናል፣ ሰማያዊውንና ነጩን፣ እስከ ጥግ ከፍቼ ሶኬት ላይ በሚሰካ መለኪያ ስለካው 110 ዋት አካባቢ ይስባል። እሱም ቢሆን ለዚህ ውሃ ብዙ ነው። እኔ ሰማያዊውን ግማሽ ላይ፣ ነጩን ከሩብ በታች አድርጌ ነው የማበራው፤ ኮራሎቹም በዚህ ተመችቷቸው ተባዝተዋል።

ሰማያዊው ለምን በለጠ? ባሕር ውስጥ ቀዩ ብርሃን ገና ከላይ ውሃው ይውጠዋል፤ ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው ሰማያዊው ነው። ኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች አሉ። በብርሃን ምግብ ሠርተው ኮራሉን የሚቀልቡት እነሱ ናቸው፣ በደንብ የሚጠቀሙበትም የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነውን ሰማያዊ ነው። ነጩ ይበልጡን ለእኛ ዓይን ነው። ነጩን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ደግሞ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ቶሎ ይበቅላል።

ለኮራል የሚጠቅመው ብርሃን የሚለካው ፓር በሚባል መለኪያ ነው። ለስላሳዎቹ ከ50 እስከ 150 ባለው ይስማማቸዋል፤ ቅርንጫፍ የሚያወጡት ጠንካሮቹ ከ200 በላይ ይፈልጋሉ። መለኪያው ውድ ነው፤ ለአንድ መብራት ብላችሁ አትግዙት። የስልክ አፕም አይተካውም። ስልኩ የሚለካው ሉክስ ነው፣ ሉክስ ደግሞ በሰው ዓይን ልክ የተሠራ ስለሆነ ሰማያዊውን አሳንሶ ያሳያችኋል። ከዚያ ይልቅ ኮራሉን እዩት። ወደ ላይ እየተመዘዘ አንገቱ ከረዘመ ብርሃን አንሶታል። ከገረጣና ከተኮማተረ በዝቶበታል። አዲስ ኮራል ሲገባ 20 በመቶ አካባቢ ጀምሩና በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ እዚህ ላይ ችኮላ አይሠራም።

አሰቃቀሉን በተመለከተ፣ መብራቱን ከውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌዋለሁ። ኮርኒስ ላይ አላንጠለጠልኩትም፤ የኛ ኮርኒስ ለዚህ አይታመንም። ብየዳ ቤት የአኳሪየሙን ማስቀመጫ በቱቦላሬ ሳሠራ ከጀርባው ወደ ላይ የሚወጣና ወደ ፊት የሚታጠፍ ክንድ ጨምሬ አሠራሁ። ውሃው፣ መስታወቱ፣ ዓለቱና አሸዋው ሲደመር ከ200 ኪሎ በላይ ነውና በብረቱ አትቆጥቡ፣ ቀለሙንም ደጋግማችሁ አስቀቡት፣ ጨው ብረት ይበላል። ሳጥኑ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ስላለው የአኳሪየሙ ሁለት ዳር ደብዘዝ ይላል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ብርሃን የማይወዱትን እንጉዳይ መሰል ኮራሎች እዚያ አስቀምጫለሁ። አኳሪየማችሁ 120 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን ሁለት መብራት አስቡ። መስኮት አጠገብ ደግሞ በጭራሽ። የደጋ ፀሐይ ኃይለኛ ናት፣ በቀጥታ ከገባች አልጌውን አትችሉትም።

ከሁሉ የወደድኩለት ሁለት የተለያየ ገመድ ያለው መሆኑን ነው፤ አንዱ ለሰማያዊው፣ አንዱ ለነጩ። በሁለት ታይመር ለያየኋቸው። ሰማያዊው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይበራል፣ ነጩ ከቀኑ 6 እስከ 12 ሰዓት። ታይመሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 4 ሰዓትን 10:00፣ የምሽቱን 2 ደግሞ 20:00 ብላችሁ ሙሉት። ታይመሩ የራሱ ባትሪ ያለው ዲጂታል ይሁን። በጥርስ የሚዞረው ርካሹ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፤ ከሁለት ሦስት መጥፋት በኋላ ዓሦቹ እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ይሆንባቸዋል።

መብራት መጥፋት ከተነሳ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ኮራል አንድ ቀን ሙሉ ጨለማ ቢውል ምንም አይሆንም፤ ባሕር ላይም ደመና አለ። ዓሣ ግን ያለ አየር ሰዓታትም ላይቆይ ይችላል። የኛ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፣ ስለዚህ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ጨዋማ ውሃ ከጨው አልባው ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል፣ ሞቃቱ ደግሞ ከቀዝቃዛው ያነሰ። ሦስቱም እኛ ላይ ተደራርበዋል። ለዚህ ነው ባትሪው ከመብራቱ ይቀድማል የምለው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ሁልጊዜ ዝግጁ ይሁን።

ቆጣሪውን የሚበላውም መብራቱ አይደለም፣ ማሞቂያው ነው። ውሃው 25 ዲግሪ መሆን አለበት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ባለ150 ዋት ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆያል። ጀርባውንና ጎኑን በፎም መሸፈንም ብዙ ይረዳል።

የመብራቱ ጉድለቶች አሉ። ማራገቢያዎቹ ሲገዙ ዝም ያሉ ነበሩ፤ በጋው ገብቶ የሱሉልታ አቧራ ሲነሳ መጮኽ ጀመሩ። ነቅሎ በብሩሽ ማጽዳት ያስፈልጋል። አየራችን ስስ ስለሆነ ማራገቢያ እንደ ቆላው ሙቀት አያወጣም፣ እስከ ጥግ አለመክፈቴ ለዚህም ጠቅሞኛል። ጨው ደግሞ ሌንሱ ላይ ይጋገራል፤ በእርጥብ ጨርቅ በየሳምንቱ እጠርገዋለሁ፣ ካልተጠረገ ብርሃኑን ይቀንሰዋል። ማደብዘዣው እስከ ዜሮ አይወርድም። ቀስ ብሎ የሚነጋና የሚመሽ ብርሃንም የለውም፣ በአንዴ ቦግ ይላል። ገመዶቹን ወደ ሶኬት ከመሰካታችሁ በፊት ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብለው እንዲንጠለጠሉ አድርጉ፤ የሚወርድ ጠብታ እዚያው ይንጠባጠባል እንጂ ዲቫይደር ውስጥ አይገባም።

አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ መሰል ነገር ሲወጣ ሰው ሁሉ መብራቱን ይወቅሳል። አዲስ አኳሪየም ላይ የተለመደ ነው፤ በውሃው ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባል ማዕድን ደግሞ ያባብሰዋል። የሮቶውን ውሃ በአርኦ ማጣሪያ (ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ ማዕድኑን የሚያስቀር) አሳልፉት፤ ግፊቱ ካነሰ ግፊት ጨማሪ ፓምፕ ያስፈልጋል። አንድ የሰፈራችን አባት «ልጄ፣ የአፋር ጨው አገራችን ሞልቶ ለምን ከውጭ ታስመጣለህ?» ብለውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የወጥ ጨው ግን ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፣ ኮራል ካልሲየምና ማግኒዥየምም ይፈልጋል። ስለዚህ ለአኳሪየም የተዘጋጀውን ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ እጨምራለሁ። ውሃው ሲተን ግን የምመልሰው ጨው የሌለበትን ነው፣ ጨው አይተንምና።

ዓለቱ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣራ ባክቴሪያ እስኪይዝ ባለው የመጀመሪያ አራት ስድስት ሳምንት መብራቱን ጨርሶ አታብሩት። አልጌ ከመቀለብ በቀር ጥቅም የለውም።

ጠንካራ ኮራል ለሚፈልግ ይህን መብራት አልመክርም። እነዚህ ኮራሎች በሳይትስ ስምምነት (ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) አባሪ 2 ውስጥ ስላሉ ድንበር ሲያልፉም ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። የምትገዙ ከሆነ ባለ ሁለት ገመዱን፣ ሌንሱ ብርሃኑን በ120 ዲግሪ የሚበትነውንና 220 ቮልት የተጻፈበትን ጠይቁ። ለሚያመጣላችሁ ሰው ሁለት ትርፍ ማራገቢያ አብሮ እንዲይዝ ንገሩት።