የጤና ጣቢያ ክትባት በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ጠንካራው ጎኑ፣ ክፍተቱና ወላጅ ሊይዘው የሚገባው

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳም ሆነ በየካ አባዶ ሕፃን የሚያሳድግ ቤተሰብ ለክትባት ሦስት አማራጭ አለው፦ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ የግል ክሊኒክ፣ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሠፈር ድረስ ይዘውት የሚመጡት አገልግሎት። ከሦስቱ ጤና ጣቢያውን እንመርጣለን። እስከ 3 ወር ተኩል ያለውን ሥራ በደንብ ይሠራዋል። ከ9 ወር በኋላ ግን ወላጅ ራሱ ቀኑን ካልያዘ የሚያስታውሰው የለም። ልጁ ለአጸደ ሕፃናት ሲመዘገብ ካርዱ ይወጣና የ15 ወሩ ኩፍኝ ቦታ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

መደበኛው ክትባት በነፃ ነው። ልጁ እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ቢሲጂ ክንዱ ላይ ይወጋል፣ የፖሊዮ ጠብታም አፉ ውስጥ ይደረግለታል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ፔንታ፣ የሳንባ ምች መከላከያው ፒሲቪና የፖሊዮ ጠብታ ይሰጣሉ። የተቅማጥ መከላከያው ሮታ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በአፍ ይሰጣል፣ የፖሊዮ መርፌ ደግሞ በ14ኛው ሳምንት ይጨመራል። ከዚያ በ9 ወር ኩፍኝ፣ በ15 ወር ሁለተኛው ኩፍኝ ይከተላል። ፔንታ በአንድ መርፌ አምስት ነገር ይከላከላል፦ ዘጋኝ አነቃን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሄፓታይተስ ቢን፣ እንዲሁም ሂብ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣውን የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር። በ14ኛው ሳምንት ልጁ በአንድ ቀን ሦስት መርፌ ስለሚወጋ «አንዱን ለሌላ ቀን እናቆየው» የሚሉ ወላጆች አሉ። አብሮ መውሰዱ ጉዳት የለውም። ለሌላ ቀን የተባለው መርፌ ግን ብዙ ጊዜ ሳይወሰድ ይቀራል።

በየሠፈሩ «የ45 ቀን ክትባት» የሚባለው ሲቆጠር 42 ቀን ነው። ሦስት ቀን ቢዘገይ ችግር የለውም። ቀድሞ ከመጣ ግን ነርሷ ትመልሳለች፤ በተከታታይ ዙሮች መካከልም ቢያንስ 4 ሳምንት መሙላት አለበት። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ዙር 1 ወር ከ12 ቀን፣ ሁለተኛው 2 ወር ከ10 ቀን፣ ሦስተኛው 3 ወር ከ8 ቀን ላይ ይውላል። ሒሳቡ የሚበላሸው ጳጉሜን ሲዘለል ነው። ሐምሌ 20 የተወለደ ልጅ 42 ቀን የሚሞላው ጳጉሜን 2 ነው፤ ጳጉሜን የረሳ ሰው ግን መስከረም 2 ብሎ ይጽፋል። የዚህ ልጅ የ9 ወር ኩፍኝ ሚያዝያ 20፣ የ15 ወሩ በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት 20 ላይ ነው። ሌላው የስሕተት ምንጭ ከሆስፒታል የሚሰጠው የመውጫ ወረቀት ነው። በፈረንጆች ቀን ከተጻፈ ካርድ ሲወጣ ነርሷ ፊት ወደ እኛ አቆጣጠር ይቀየር፣ ቀኑም ጮክ ተብሎ ይነበብ።

አሁን ብዙ እናቶችን ወደሚያማርረው ጉዳይ እንምጣ። ሁለት ታክሲ ቀይራ፣ ልጅ አዝላ፣ ሰልፍ ጠብቃ የደረሰች እናት «ኩፍኝ ዛሬ አይሰጥም፣ ሐሙስ ነይ» ትባላለች። ምክንያቱ ይህ ነው። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ሆኖ ይመጣል፤ ከማሟሟያው ጋር ሲደባለቅ ከአንዱ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ10 ልጅ የሚበቃ መጠን ይገኛል። ቢሲጂም እንዲሁ ነው፣ ብልቃጡ ለ20 ሕፃን ይበቃል። ሁለቱም ከተበጠበጡ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆዩም፣ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ብክነትን የሚፈሩ ተቋማት ልጆችን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይሰበስባሉ። ፔንታና የፖሊዮ ጠብታ ግን በ2 እና በ8 ዲግሪ ሴልሲየስ መካከል በደንብ ከተያዙ ተከፍተውም እስከ 28 ቀን ስለሚያገለግሉ በማንኛውም የክትባት ቀን ይሰጣሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የኩፍኝ ብልቃጥ ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው ብለን እናምናለን፤ የተደፋ መድኃኒት ይተካል፣ ተመልሳ ያልመጣች እናት ልጅ ግን ሳይከተብ ይቀራል። የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። እስኪስተካከል ድረስ መፍትሔው የ14ኛው ሳምንት ክትባት ሲሰጥ «ሲስተር፣ የኩፍኝ ቀናችሁ መቼ መቼ ነው?» ብሎ ጠይቆ ካርዱ ጀርባ ላይ ማጻፍ ነው። በዚያ ቀን ጠዋት 2:30 አካባቢ ይድረሱ። ከሰዓት የሚመጣ ሰው ብልቃጡ አልቆ ወይም ሰዓቱ አልፎበት ሊጠብቀው ይችላል።

የ15 ወሩ ክትባት ለምን ይረሳል? ሁለተኛው ኩፍኝ በመደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አያቶችና ጎረቤቶች «የ9 ወሩን ከወሰደ ጨርሷል» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ በእነሱ ጊዜ እንደዚያ ነበር። ነገር ግን በ9 ወራቸው ከሚከተቡ 100 ልጆች 15 ያህሉ በመጀመሪያው መርፌ መከላከያ አያዳብሩም። አንዱ ምክንያት ከእናት የወረሱት መከላከያ ገና ደማቸው ውስጥ መኖሩ ነው። ሁለተኛው መርፌ እነዚህን ልጆች ለመያዝ ነው። አርባ ሕፃን በአንድ ክፍል በሚቀመጥበት አጸደ ሕፃናት፣ በአየር የሚተላለፍ ኩፍኝ ያልተከተበውን ለይቶ ያገኘዋል።

ክትባት ክፍል ስትገቡ ዓይናችሁ ሦስት ነገር ይይ። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው የሙቀት መመዝገቢያ ጠዋትና ከሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ተሞልቷል ወይ? መብራት በሚቆራረጥባቸው ዳርቻዎች ይህ ወረቀት ስለ ክፍሉ ብዙ ይናገራል። ብልቃጡ ላይ ክብ ምልክት አለ፣ በክቡ ውስጥ ደግሞ አራት ማዕዘን። አራት ማዕዘኑ ከክቡ የነጣ ከሆነ ክትባቱ ደኅና ነው፤ ቀለሙ ከክቡ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከጠቆረ ሙቀት አበላሽቶታል፣ አይሰጥም። መርፌው አዲስ ሆኖ ፊታችሁ ይከፈት፣ ከተወጋም በኋላ ሳይከደን ወደ መጣያ ሳጥኑ ይግባ። ሙቀትን ሁሉም ይፈራል፣ ቅዝቃዜ ግን ይዘነጋል። ፔንታ፣ ፒሲቪና የፖሊዮ መርፌ ከቀዘቀዙና በረዶ ከሠሩ ይበላሻሉ፣ ሲቀልጡም አይድኑም። ስለዚህ ለሠፈር ሥራ የሚወጣ ባለሙያ በረዶውን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ውስጡ ውሃ ሲንቀሳቀስ እስኪሰማ ካቆየ በኋላ ነው ሳጥኑ ውስጥ የሚያስገባው። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ሥራውን ያውቃል።

ልጁ ከተወጋ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል እዚያው ቆዩ። ከፔንታ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ትኩሳት፣ ለቅሶና የጭን እብጠት የተለመደ ነው። ፓራሲታሞል የሚሰጠው ሲያተኩሰው እንጂ ቀድሞ አይደለም፤ መጠኑ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ከሆነ ለ6 ኪሎ ልጅ 2.5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የሽሮፕ ጥንካሬ ስለሚለያይ ጠርሙሱ ይነበብ፤ ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ባለሙያ ሳይጠየቅ አይሰጥ። የኩፍኝ ትኩሳት ግን ዘግይቶ፣ ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ከክትባቱ ጋር አያያይዘውም። የቢሲጂ ቦታ ከሳምንታት በኋላ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል፣ በወራት ውስጥ ጠባሳ ትቶ ይድናል። አይጨመቅ፣ ቅባትም ቅጠልም አይደረግበት። ቀላል ጉንፋንና ሳል ያለበት ልጅም ይከተባል፤ «አሞታል» ብሎ ማስቀረት ያለምክንያት ማዘግየት ነው።

ያመለጠ ክትባት ቢኖር ከመጀመሪያው አይጀመርም፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ሁለት ፔንታ ወስዶ ሁለት ዓመት የቆየ ልጅ ሦስተኛውን ብቻ ይወስዳል። ኩፍኝ ጨርሶ ያልወሰደ የሦስት ዓመት ልጅ ሁለቱን በ4 ሳምንት ልዩነት መውሰድ ይችላል። ሮታ ግን ከ24 ወር በኋላ አይሰጥም። በዘመቻ ጊዜ ቤት ለቤት የሚሰጥ የፖሊዮ ጠብታ ወይም የኩፍኝ መርፌ ተጨማሪ ነው፣ የመደበኛውን ቦታ አይተካም። የጣቱን ቀለም አይቶ «ተከትቧል» ብሎ የቀረ ወላጅ ስንት አለ!

ከመሀል ከተማ ወደ ዳርቻው ለተዛወሩ ቤተሰቦች ካርዱ ዋናው ንብረት ነው። የክትባት መርሐ ግብሩ በመላ አገሪቱ አንድ ስለሆነ በአንዱ ጤና ጣቢያ የተጀመረ በሌላው ይቀጥላል፤ በከተማውና በኦሮሚያ መካከል ያለው ወሰንም ለዚህ እንቅፋት ሊሆን አይገባም። ካርዱ በስልክ ሁለቱም ገጽ ይነሣ። ከጠፋ የቀድሞው ጤና ጣቢያ መዝገብ ውስጥ ይኖራል፤ ፍለጋውን የሚያፋጥነው የካርዱ ቁጥርና የመጀመሪያው ክትባት ቀን ነው። ምንም ማስረጃ ካልተገኘ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ይሰጠዋል። መደገሙ አይጎዳም።

ወላጆች ከሚዘነጉት ውስጥ ቫይታሚን ኤ አለ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ ይሰጣል፦ እስከ 11 ወር 100 ሺህ ዩኒት፣ ከዚያ በኋላ 200 ሺህ። ከ2 ዓመት ጀምሮ የአንጀት ትላትል መድኃኒትም በየ6 ወሩ ይጨመራል። ልጁ 15 ወር ካለፈው በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመላልሰው ይህ ስለሆነ፣ የጎደለ ክትባት ካለ ያኔ ካርዱን ማሳየት ይገባል።

የግል ክሊኒክ ጥቅሙ ሰልፉ ማጠሩና አንዳንዱ ቅዳሜ ከሰዓት መሥራቱ ነው። ክትባቱ የመንግሥት ሆኖም የካርድ ወይም የአገልግሎት ክፍያ የሚጠይቁ አሉ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከመደበኛው ውጪ የሚሸጥ ክትባት ከተሰጠ ስሙና ቀኑ በዚያው ካርድ ላይ ይጻፍ፣ በሌላ ደብተር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ የጎደለውን ለይቶ በማሳወቅ ይረዳሉ። አዲስ ወደ ብሎኩ የገባ ቤተሰብ ስሙን ካላስመዘገበ ግን በእነሱ ዝርዝር ውስጥ አይኖርም፤ ወረዳው ጤና ጣቢያ ሄዶ የብሎክና የቤት ቁጥር ማስመዝገብ በቂ ነው።