ያዋራት ውስጥ በዓርብ ቀን የበላነው «ዳክዬ»

ባንኮክ ላይ ጾመኛ ይራባል የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት። ያዋራት በሚባለው የቻይናውያን ሰፈር፣ ከትልቁ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት የሚያበስሉባት ትንሽ ቤት አለች። ሻንጣችንን በጀርባችን አዝለን በዚያ ሰፊ ከተማ ስንዞር ከገባንባቸው ምግብ ቤቶች ሁሉ እንደዚያች ቤት አክብሮ ያስተናገደን የለም።

አብሮኝ የሚጓዘው አብሮ አደጌ ረቡዕና ዓርብን አይሽርም፤ መንገድ ላይም ቢሆን። ይህ በታይላንድ ቀላል ነገር አይደለም። አገሩ የቡድሃ እምነት ተከታዮች አገር ስለሆነ ሥጋ የሌለበት ምግብ በየደጁ የሞላ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ግን ሥጋ ይበላል፤ መነኮሳቱም ምእመናን ያቀረቡላቸውን ይመገባሉ። ቅጠላ ቅጠል ብቻ በሚመስለው ሳህን ውስጥ እንኳ ናም ፕላ ይገባል፤ ዓሣ በጨው ተጠምቆ የሚወጣው ፈሳሽ ማለት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም። ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር ፍጥረት ግን ክንፍና ቅርፊት ስለሌለው፣ አብሮ አደጌ በፍስክም አይነካውም።

ረቡዕ ዕለት ካዎ ሳን ጎዳና አጠገብ፣ ጎብኚ በሚበዛበት አንድ ምግብ ቤት ይህንን ሁሉ በስልኩ ላይ በታይ ቋንቋ አስጽፎ ለአስተናጋጁ አሳይቶ ነበር። አስተናጋጁ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። የመጣው ፓድ ታይ የሚባል የተጠበሰ ኑድል በሁመር የጎመዘዘ፣ ኦቾሎኒ የተነሰነሰበት፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ነበር። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ደረቅ ሽሪምፕ ወጣ። ስንጠይቀው «ትንሽ ነው እኮ» ብሎ ሳቀና ሄደ። ሳህኑ አልተቀየረም፤ ይቅርታም አልተባልንም። ሒሳቡ ግን ሲመጣ አሥር በመቶ የአገልግሎት ክፍያና ሰባት በመቶ ግብር ተደምሮበት ነበር። የትኛው አገልግሎት? የሰው እምነት በትንሽና በትልቅ አይመዘንም። ያን ቀን አብሮ አደጌ ሙዝ ገዝቶ በልቶ ተኛ፤ እኔም እስካሁን ያናድደኛል።

ዓርብ በጀልባ የቻዎ ፕራያን ወንዝ ይዘን ራቻዎንግ ወደብ ላይ ወረድንና ወደ ያዋራት በእግራችን ገባን። ፈልጉ የተባልነው ቢጫ ምልክት ነበር፤ በላዩ ላይ በቀይ የተጻፈው የታይ ፊደል ለእኛ ዓይን 17 ቁጥርን ይመስላል። ይህ ምልክት ባለበት ቤት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት አይገባም። ከቻይና የመጣ ሥርዓት ነው፤ በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት አካባቢ ለዘጠኝ ቀን ብዙ ሕዝብ ይጾመዋል፤ በዚያ ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ በቢጫ ባንዲራ ይሸፈናል ይባላል። ጥቂት ቤቶች ግን ዓመቱን በሙሉ በዚሁ ሥርዓት ያበስላሉ። የእኒያ እናት ቤት አንዷ ናት።

ምግቡ ቀረበ። ጥቁር ቡናማ መረቅ ውስጥ፣ ቀረፋ ቀረፋ እያለ፣ ቆዳው የተሸበሸበ ዳክዬ ተጋድሟል። አብሮ አደጌ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሳህኑን በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገው። እኔም ረቡዕ የደረሰብን ሊደገም ነው ብዬ ለጠብ ተዘጋጀሁ።

እናት አዩት። አልተቆጡም፤ አልሳቁምም። ማንኪያቸውን አስቀምጠው ወደ ማድቤት እንዲከተላቸው በእጃቸው ጠሩት፤ እኔም ተከተልኩ። የአንዱን ባልዲ ክዳን አነሡ። ውስጡ የስንዴ ሊጥ በውሃ ታጥቦ ታጥቦ ሲያልቅ የሚቀረው፣ የሚለጠጠው ነገር ተዘፍዝፏል። ቆረስ አድርገው በእጁ ላይ አኖሩለት። ቀጥሎ ከአኩሪ አተር ወተት ላይ የሚገፈፈውን ስስ ሽፋን አሳዩት፤ የዳክዬው «ቆዳ» እሱ ነበር። በናም ፕላ ፋንታ የሚጠቀሙበትን የእንጉዳይ ሶስ ጠርሙስ አንሥተውም ያንኑ ቢጫ ምልክት በጣታቸው ነኩለት። ምድጃው ላይ ሌላ ደንበኛ እየጠበቀው ያለ ድስት ነበር፤ እሳቱን ቀንሰው አንድ በአንድ እስኪያምን ድረስ አብረውት ቆሙ። ተመልሶ ተቀመጠ፤ አማተበና በላ። መረቁንም ጨረሰው።

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ጣዕሙ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እንደ አቀባበሉ አይደለም። ሥርዓቱ ነጭ ሽንኩርትንም ቀይ ሽንኩርትንም ይከለክላል። ወጡ ሁሉ በሽንኩርት ለሚጀመር እንደ እኛ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። መረቁ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ስኳሩ ይበዛል፤ መሐሉም ባዶ ነው። በቃሪያና በሎሚ የተበጠበጠውን የአኩሪ አተር ሶስ ስጨምርበት ግን ነፍስ ዘራ። «ሥጋው» ጥርስ ላይ ያለው ጥንካሬ እውነተኛ ዳክዬ ያስመስለዋል፤ ይህ ራሱ ለጾመኛ ጥሩ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። አብሮ አደጌ ልብ እስካልተመኘ ድረስ ችግር የለውም ይላል። እኔ ምስሩን እመርጣለሁ።

ዋጋውም ቅር ያሰኛል። ለአንድ ሳህን 90 ባህት ከፈልን፤ ከጎኑ ያለው ቤት እውነተኛውን ሥጋ በኑድል 60 ይሸጣል። ሊጥ እንዴት ከሥጋ ይወደዳል? ሊጡን ለማጠብ የሚወስደውን ጉልበት ካየሁ በኋላ ግን ክርክሬ ላላ። ደግሞ የጻፉት ዋጋ የሚከፈለው ዋጋ ነው፤ ግብርም አገልግሎትም ብለው አልጨመሩብንም። በዚያው ከተማ ሚሼሊን የሚባለው የታወቀ የምግብ ቤቶች መመዘኛ ኮከብ የሰጣት ምግብ አብሳይ ጄ ፋይ ዘንድ ለሸርጣን ኦምሌት ብዙ ሰዓት ተሰልፈው ከሺህ ባህት በላይ የሚከፍሉ ጎብኚዎች ሞልተዋል። የእነሱን ደስታ አልነካም፤ ለእኛ ግን ሸርጣን ምን ያደርግልናል?

እንጀራ የናፈቀው ናና አካባቢ ያሉትን የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች ይጠይቅ። ለዕቃ ወደ ፕራቱናም የልብስ ገበያ የምትመላለሱ ጾመኛ ነጋዴዎች ግን ያዋራትን ሞክሩ። ከቀትር በፊት ድረሱ፤ ዳክዬው ቶሎ ያልቃል። ቃሪያውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሻዩንም ስኳር እንዳይጨምሩበት ንገሯቸው።