የፖሊንግ «አጠቃላይ ኬሚስትሪ»፦ ዛሬም የሚጠቅም አሮጌ መጽሐፍ

ላይነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1954 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በኬሚካዊ ትስስር ላይ ባካሄዱት ምርምር ሲሆን፣ «አጠቃላይ ኬሚስትሪ» የተሰኘው የመማሪያ መጽሐፋቸውም የተቃኘው በዚሁ ጉዳይ ነው። እኔ የተጠቀምሁበት በ1970 የወጣው ሦስተኛ እትም ነው፤ ዶቨር የተባለው አሳታሚ በድጋሚ አትሞታል።

ከ900 ገጽ በላይ ያለው ይህ ጥራዝ ቀመር ከማሸምደድ ይልቅ የነገሮችን አወቃቀር ያስቀድማል። በኤሌክትሮኔጋቲቪቲ (አቶም በትስስር ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ የመሳብ አቅም) ሰንጠረዡ ላይ ለሶዲየም 0.9፣ ለክሎሪን 3.0 የሚለውን አይቼ ልዩነቱን ሳሰላ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ እንዲሁ በቃሌ የያዝሁት የገበታ ጨው አዮናዊ ትስስር (አንዱ አቶም ኤሌክትሮን ለሌላው በመስጠቱ የሚፈጠረው) ምክንያቱ ያን ጊዜ ገባኝ። የሮጀር ሄይዋርድ የእጅ ሥዕሎችም፣ በተለይ የክሪስታሎቹ፣ ከብዙ የዛሬ ባለቀለም ምስሎች ይልቅ ጥርት ያሉ ናቸው።

ጉድለቱ ደራሲው ለራሳቸው ንድፈ ሐሳብ ማድላታቸው ነው፤ ትስስርን ሁለት አቶሞች በሚጋሩት የኤሌክትሮን ጥንድ የሚያብራራውን የቫለንስ ቦንድን አስተሳሰብ እያስቀደሙ፣ ኤሌክትሮኖች በመላው ሞለኪውል ላይ እንደሚሰራጩ ለሚያየው ለሞለኪውላዊ ኦርቢታል አስተሳሰብ ጠባብ ቦታ ስለሰጡት፣ ፈሳሽ ኦክስጅን በማግኔት የሚሳብበትን ምክንያት በዚያ መንገድ ለመረዳት የሚፈልግ ተማሪ ሌላ መጽሐፍ መጨመር አለበት። ለዚህም ኦፕንስታክስ በኢንተርኔት በነፃ የሚያቀርበው የኬሚስትሪ መማሪያ ይበቃል፤ አጻጻፉ ደረቅ ቢሆንም መልመጃው ብዙ ነው። ለጀማሪ ይህንኛውን አስቀድሞ፣ ፖሊንግን ቀስ እያሉ ማንበብ ይሻላል እላለሁ።